የሽፋኑ ወረቀት

«ዘለልክ» አሉኝ የኔታ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ነው። መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር ባቡር የሚያወራውን ምንባብ ለመጨረሻ ጊዜ እያነበነብኩ ነበር። የኔታ ከግድግዳው ሥር አጎዛቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ዓይናቸው በሚያይበትም ጊዜ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። «ምኑን ዘለልኩ የኔታ?» አልኳቸው። «ምኑን እንደ ዘለልክ አንተ ታውቃለህ። ትናንትና ይኸንኑ ስታነብ እስክትጨርስ አራት ጊዜ ተንፍሰህ ነበር። ዛሬ በሁለት ትንፋሽ ጨረስክ። መካከሉ የት ሄደ?» እውነታቸውን ነው፤ አምስት መስመር ዘልያለሁ። የዘለልኩትም ሰንፌ አይደለም፤ ሆን ብዬ፣ ተምሬ፣ ከእንቅልፌ ቀንሼ በተለማመድኩት ብልሃት ነው። ይኸንን ለእሳቸው ማስረዳት ግን እንኳን በፈተና ጠዋት፣ በደህናውም ቀን አይሞከርም። መጽሐፉን አጠፍኩት።

የኔታ የምላቸው መሪጌታ ኃይለ ማርያምን ነው፤ የሚስቴ የአበቡ አባት ናቸው። አማቴ ከመሆናቸው በፊት ግን አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች ደብር ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ አንዲት ቃል የዘለለ ተማሪ መዝሙሩን ከራሱ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ከዘለለ ደግሞ ይጀምራል፤ ጾሙ ገብቶ ጾሙ እስኪፈታ አንድ መዝሙር ላይ ተቀምጬ የቀረሁበት ዘመን ነበር። ድምፅ ማውጣትም ግዴታ ነው። በዓይኑ ብቻ የሄደበትን ሰው የኔታ አነበበ አይሉትም፣ አየ ነው የሚሉት። እንግዲህ እኔ ክንዱ እንዲህ ተቀጥቅጬ የተማርኩ ሰው፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የሆስፒታል ድሬሰር ሆኜ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቁስል ካጠብኩ በኋላ፣ እንግሊዝኛ አንብብና ተፈተን ተባልኩ።

ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ወዲህ ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ በወር ስድስት ብር እንከፍልባታለን። ጣሊያን የሠራት ስለሆነች መስኮቷ ሰፊ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ የቀድሞ ተከራይ የለጠፈው የጣሊያንኛ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ ዛሬም አለ። ከበሩ በላይ ሚስማር ላይ አንድ የተጠቀለለ አጎበር ተሰቅሏል። ከቆላው ከሳንጃ ያመጣነው ነው። አበቡ አትጥለውም፣ አትዘረጋውም፤ ጎረቤት «ምነው ይኸን አትሰጭኝም?» ሲላት «ይኑር» ብቻ ትላለች። ሳንጃ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስንወርድ ሦስት ነበርን፣ ስንመለስ ሁለት። ልጃችን ወለተ ሚካኤል ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር፤ ወባው በሦስት ቀን ወሰዳት። መርፌ ወጊው እኔ፣ ኪኒን አዳዩ እኔ፣ ከራስጌዋ ቆሜ እያየሁ ነው ያመለጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአበቡ ጋር ስለ እሷ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም። ስሟ ሊነሳ ሲል አንዳችን ተነስተን እንወጣለን። አሁን አበቡ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ፈተናው በኅዳር ነው የተነገረው። ዐሥራ አንዳችንም ድሬሰሮች የሆስፒታሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተሰብስበን፣ ባለ ዐሥር መስመር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘን። እንግሊዝኛ በደንብ ያነባል የሚባለው እኔ ነኝ። «ክንዱ፣ ኧረ አንብብልን» አሉኝ። እኔም ያን ሰሞን ብልሃቱን ተምሬ እንደ አዲስ ጫማ የማሳየው ነገር ሆኖልኝ ነበርና፣ ጥያቄዬን ይዤ ገባሁ። ጥያቄዬ ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ማን ሳንጃ ይወርዳል? የሳንጃን ስም አገኘሁ፣ ፈተና የሚለውን አገኘሁ፣ ማለፍ የሚለውን አገኘሁ፣ ባሉበት ይቀራሉ የሚለውን አገኘሁ። «ጉድ ፈላ» አልኳቸው፤ «ያለፈ እዚሁ ይቀራል፣ የወደቀ ሳንጃና ወደ ዙሪያው ቆላ ይወርዳል።» በዚያው ወሬው ሆስፒታሉን ዞረው። የቢሮው ጸሐፊ እንኳ ሲጠየቅ «ክንዱ አንብቦታል አይደል?» ይል ነበር። ማታ ቤት ስነግራቸው የኔታ ብቻ «ደብዳቤውን ቃል በቃል በለኝ» አሉ። «ዋናው ነገር ይኸው ነው የኔታ» አልኳቸውና አለፍኩት። አበቡ ያን ማታ ራት አልበላችም።

ብልሃቱን ያስተማረችኝ የአበቡ ታናሽ እህት አየለች ናት። ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ እድገት አገኛለሁ ብዬ ማታ ማታ በላምባ መብራት ከእሷ ዘንድ እማር ነበር። ሚስቴ ወንድም ቢኖራት ይሻለኝ ነበር፤ ከልጅ እግር መማር ያሳፍራል። አየለች ግን እንደ ፊታውራሪ ናት፣ ማፈር አታውቅም። «አያ ክንዱ፣ ምንባቡን አትንካው፤ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ። ጥያቄውን ይዘህ ግባ፣ የፈለግከውን ስታገኝ ውጣ። እዚያ ውስጥ የሚያስቀምጥህ ነገር የለም» ትለኛለች። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እንዳልፈው ነው፤ መቆም ክልክል ነው። አራት መልስ ተደርድሮ ሁለቱ እውነት ከመሰለኝ የበለጠ እውነት የሆነውን እንድመርጥ ትነግረኛለች። እዚህ ላይ ተጣልተናል። እኛ ትርጓሜ ስንሰማ አንዱ ቃል አምስት ፍች ቢኖረው አምስቱም «አንድም፣ አንድም» እየተባለ ይነገራል እንጂ አንዱ ተመርጦ አራቱ አይጣልም። በመጀመሪያው ልምምድ ዐሥር ጥያቄ ላይ አሥራ ሰባት መልስ ከብቤ ሰጠኋትና ከሣቅዋ የተነሳ አልጋ ላይ ወደቀች።

ከሁሉ የከበደኝ አፌ ነው። ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ ከንፈሬ ይነቃነቃል፣ ድምፄ ያመልጣል፣ ሳላውቀው የዳዊት ቤት ዜማ ውስጥ እገባለሁ። አየለች እርሳስ በጥርሴ አስነክሳ ታስነብበኝ ነበር። እርሳስ ስሙኒ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት እርሳስ በልቻለሁ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት፣ ከዚያም አልፎ ወደድኩት። ጋዜጣ ቢሆን፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ቢሆን፣ ጥያቄ ይዤ ገብቼ መልስ ይዤ እወጣለሁ። የሰው ወሬ ሳይቀር እንዲህ መስማት ጀመርኩ። አበቡ ስለ ገበያ ውሎዋ ስትነግረኝ የበርበሬውን ዋጋ ብቻ ይዤ ሌላውን አልሰማም ነበር። አንድ ቀን ንግግሯን አቋርጣ ዝም አለች፤ ዝም ማለቷንም ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ያን ጠዋት መጽሐፉን ካጠፍኩ በኋላ ሸሚዜን ለበስኩ። አበቡ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ደጃፉ ላይ ኮሌታዬን አስተካከለችና እጇን ሳታነሳ «ክንዱ» አለች፤ «ከወደቅክ ዛሬ አትንገረኝ። ነገ ንገረኝ። ዛሬ ልተኛበት።» «አልወድቅም» ማለት ነበረብኝ፤ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ፒያሳን አቋርጬ ዳገቱን ስወጣ ብርዱ ፊቴን እየቆነጠጠኝ ሳለ ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቢያዝንን አገኘሁት። ቢያዝን ከእኔ ጋር የተቀጠረ ጓደኛዬ ነው፤ እሑድ እሑድ አብረን ስናጠና ነው የከረምነው፤ ብልሃቱን ከአየለች እየሰማሁ ለእሱ አደርስለት ነበር። አራት ወር ያልሞላት ልጅ አለችው፤ ደረቷ ያፍናታል፣ አዳሯ ሁልጊዜ በእናቷ ትከሻ ላይ ነው። «ሌሊት አልተኛሁም» አለኝ፤ «ልጅቱ ስታስል እኔ ጥያቄ እየቆጠርኩ አደርን።» ዓይኑ ደም መስሏል። ከኋላችን አመለወርቅ መጣች፤ የሴቶች ክፍል ድሬሰር ናት፤ ትውልዷ ሳንጃ ነው። እናቷ እዚያው ብቻዋን ናት፤ ሁለት ጊዜ ልዛወር ብላ ጽፋ መልስ አላገኘችም። እሷ ብቻ ነበረች የምትሥቀው። «እናንተ ተጨነቁ» አለችን፤ «እኔ እንደሁ መውደቅ ነው የምፈልገው። እርሳስ እንኳ አልቀረጽኩም። ከላይ እስከ ታች የመጀመሪያውን ፊደል ከብቤ እወጣለሁ፤ በሳምንቱ እናቴ ደጃፍ ነኝ።» ቢያዝን ተቆጥቶ ፊቱን አዞረባት። እኔ ቀናሁባት።

ፈተናው በሠራተኞች ምግብ ቤት ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፣ የትናንቱ ሽሮ ይሸታል። ፈታኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ ቀይ ሰው ነው፤ ክራቫቱን አጥብቆ አስሯል፣ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቱ አስቀምጧል። አምስት ምንባብ፣ አርባ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት አለን። «መነጋገር የለም፣ ድምፅ ማሰማት የለም» አለ፤ ይኸንን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ለእያንዳንዳችን እርሳስና ላጲስ ታደለን። ወረቀቱ ሲደርሰኝ የአየለች ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የሽፋኑን ወረቀት አታንብብ፣ ስምህን ጽፈህ ገልብጥ፣ እዚያ ላይ ጊዜውን የጨረሰ ሰው አይቻለሁ። ስሜን ጻፍኩና ገለበጥኩ። ዐሥራ አንዳችንም ገለበጥን።

የመጀመሪያው ስለ ንብ ነበር። ጥያቄውን ይዤ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሁለተኛው ስለ መርከብ፤ መርከብ አይቼ ባላውቅም ጥያቄው የጠየቀው ስንት ሰው እንደተሳፈረ ነውና ቁጥሩን ፈልጌ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ የማላውቀው ቃል እንደ ጉንዳን ፈሰሰብኝ፤ አለፍኩት፣ አለፍኩት፣ አለፍኩት። አፌን ዘግቼ፣ ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፄ አመለጠኝና ፈታኙ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። አራተኛውን ስጨርስ የልብ ልብ ተሰማኝ። አምስተኛውን ጨርሼ ቀና ስል የፈታኙ ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ቆጠርኩ፤ ከአርባው ሠላሳ ሰባቱን እርግጠኛ ነኝ። አበቡ ዛሬ ትተኛለች አልኩ በልቤ። ከፊቴ የተቀመጠው ቢያዝን ትከሻው ወርዷል፤ የጨረሰ ሰው ትከሻ ነው። ዞር ብሎ በዓይኑ ሣቀልኝ።

እንግዲህ ጊዜ ሲተርፈኝ ምን ላድርግ? እጄ ስራ ፈታ። ዳዊት ቤት ያነበበ ሰው ንባቡን ሲጨርስ መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው መልሶ፣ መክፈቻውን ጥቂት ብሎ ነው የሚዘጋው። የእጅ ልማድ ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩና የሽፋኑን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ፤ ጥያቄ አልያዝኩም፣ የምፈልገውም ነገር አልነበረም፣ ቃል በቃል ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። በኅዳር ሰሌዳው ላይ የነበረው ደብዳቤ ነው፤ ዐሥሩ መስመር አንድም ሳይጎድል እዚያ ላይ ታትሟል። ይህ ፈተና የሚሰጠው በሳንጃና በዙሪያው ቆላ ለሚከፈቱት አዳዲስ የጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎችን ለመምረጥ ነው፣ ይላል። ከአርባው ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ አግኝተው ያለፉ ወደ ጣቢያዎቹ ይመደባሉ። ያላለፉ ባሉበት ይቀራሉ። በቤተሰብ ሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት መሄድ የማይችል ሠራተኛ እስከ ጥር ሠላሳ ድረስ ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ካመለከተ ከፈተናው ነፃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምደባውን የማይቀበል ሥራውን እንደ ለቀቀ ይቆጠራል።

ያን ዕለት የካቲት ዐሥራ አራት ነበር።

ክው አልኩ። መጀመሪያ የማነበው ሌላ ነገር መሰለኝና ደግሜ ከላይ ጀመርኩ። ያው ነው። በኅዳር ሳንጃን ስፈልግ ሳንጃን አገኘሁ፤ ማንን እንደሚልኩ ለማወቅ ግን የነበሩትን ቃላት ፍርሃቴ እንደመራኝ ገጣጠምኳቸው። ሳንጃ መውረድ ለጎበዙ የሚሰጥ ሹመት ነው ብሎ ማን ያስባል? ልጅ የቀበርኩበት አገር ነው። ዐሥሩ ሰው ደግሞ እኔን አምኖ ነው የከረመው። አንዲት ማመልከቻ ብጽፍ ኖሮ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከዚህ በፊት እዚያ ልጅ ሞቶብኛል ብዬ ሁለት መስመር ብጽፍ ኖሮ ይኸ ሁሉ አይኖርም ነበር። ማመልከቻ ጻፉ የሚለው መስመር ሦስት ወር ሙሉ ሰሌዳው ላይ፣ ከመርፌ ክፍሌ በር ሃያ እርምጃ ርቆ ተለጥፎ ነበር። ፈራሁ። ወለተ ሚካኤል ራስጌ ቆሜ የፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

ላጲሱን አነሳሁ። ከሠላሳ ሰባት ላይ አሥራ ሦስት ባጠፋ፣ ሃያ አራት አገኛለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ቤቴ እቀራለሁ። አንዱን አጠፋሁና የተሳሳተውን ከበብኩ። ሁለተኛውን አጠፋሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። ቢያዝን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ልጁ እቤት ታስላለች፤ እሱ ግን አዳንኳት ብሎ ደስ ብሎታል። ብልሃቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። በሌላው ጠረጴዛ አመለወርቅ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ሥራዋን ከጨረሰች ቆይታ፣ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እሷንም እዚሁ የሚያስቀራት የእኔ ወሬ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶኛል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፣ የቀሩትን አሥራ አንድ መልሶች ለማጥፋት ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤን አልክድም። ላጲሱን እንደገና ወረቀቱ ላይ ጫንኩት፣ እጄ ግን አልሄደልኝም።

አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ወር በእርሳስ የታፈነው ድምፅ እንዳለ ወጣ። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በእንግሊዝኛ፣ ዳዊት ቤት በለመድኩት ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ማንም ቀና አላለም፤ ልማዴን ያውቃሉ። ፈታኙ ጠረጴዛውን መታ። ወደ አማርኛው ዞርኩ። «የሽፋኑን ወረቀት ስሙ» አልኩ፤ «በኅዳር የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። ያለፈ ነው ሳንጃ የሚወርደው። የወደቀ ይቀራል። ሃያ አምስት ያገኘ ይወርዳል። እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ።» ፈታኙ ከወንበሩ ተነስቶ እየመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ መስመር ሳላስቀር ሁሉንም ለማድረስ እየተጣደፍኩ ነው። ጥር ሠላሳ የሚለው ላይ ስደርስ ክንዴን ያዘኝ። ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀና በር አሳየኝ። ስወጣ ያየሁት፣ አመለወርቅ እርሳሷን አንስታ የመጀመሪያውን ምንባብ ገና መጀመሯን ነው። ቢያዝን ላጲሱን በሁለት እጁ ይዞ ወረቀቱ ላይ ተደፍቷል።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እንቁላሎቹን ኪሴ ውስጥ ጨፍልቄያቸው ኖሯል። አንድ በአንድ ወጡ። አንዳንዱ ሰድቦኝ አለፈ፣ አንዳንዱ ሳያየኝ አለፈ፤ ስድቡ ይሻለኝ ነበር። ቢያዝን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጣቶቹ በላጲስ ፍርፋሪ ነጭ ሆነዋል። እነሱን እያየ «ዘጠኝ አጥፍቻለሁ። ይበቃ ይሆን?» አለኝ። «ይበቃል» አልኩት። «አንተስ ስንት አጠፋህ?» አለኝ። ሁለት አልኩት።

ፈታኙ የከሰዓቱን አውሮፕላን ይዞ መመለስ ስለነበረበት፣ ወረቀታችንን ያን ጊዜውኑ አረመው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ አነበበ። ያለፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ክንዱ፣ ሠላሳ አምስት። አመለወርቅ፣ ሃያ ስድስት። ቢያዝን ሃያ ሦስት አግኝቷል፤ ስሙ ከወደቁት ጋር ሲጠራ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አመለወርቅ እያለቀሰች መጥታ እጄን ሳመችኝ፤ ሦስተኛውን ምንባብ ሳትጨርስ ሰዓቱ ስላለቀባት የተስፋ ጭላንጭል እንኳ አልነበራትም። እኔ ፈታኙ ዘንድ ገባሁ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገርኩት፣ ስለ ወለተ ሚካኤል ነገርኩት። ለሰው ሁሉ ዝም ያልኩትን ለማላውቀው ሰው ነገርኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። «ያስወጣሁህ ስለ ረበሽክ ነው፤ ማለፍህን ግን ልከለክልህ አልችልም» አለኝ። «ደብዳቤው ሦስት ወር ተለጥፎ ነበር ወንድሜ። ጊዜው አልፏል። እንዲህ የሚያነብ ሰው እንዴት ሳታነበው ቀረህ?» የምደባውን ደብዳቤ ሰጠኝ፤ የሽፋኑ ወረቀትም አብሮ ተያይዞበታል። አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ቤት ወረድኩ። ፒያሳ ላይ ቆሜ የሱቅ መስኮት አየሁ፣ ምን እንደሚሸጥበት ግን አላየሁም። የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ማለፌን ልናገር እችላለሁ፤ ውሸት አይደለም። የቀረውን ነገ ልናገር። ራሷ ናት ዛሬ ልተኛበት ያለችው። ቀሐን ስሻገር ይኸ ነገር ልክ መስሎ ታየኝ።

አበቡ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ፊቴን አየችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አለፍኩ» አልኳት። በሩን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። አለቀሰች፤ ልጃችን ከሞተች ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፣ ያን ጊዜ እንኳ በሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። ከትምህርት ቤት የተመለሰችው አየለች ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ጥያቄውን አስቀደምክ?» አለችኝ። «አስቀደምኩ» አልኳት። «ብያለሁ አይደል?» አለችና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አበቡ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች፤ በርጩማ አስጠግታ፣ እኔ ልያዝሽ ሳልላት ወጥታ፣ አጎበሩን ከሚስማሩ አወረደችው። መደቡ ላይ ዘረጋችው። አቧራው ቤቱን ሞላው። «ለጎረቤት እሰጠዋለሁ» አለች፤ «ሸጋ ነው፣ ምንም አልተቀደደም። ከእንግዲህ እኛን ምን ያደርግልናል።» በጭኗ ላይ እያደረገች ታጣጥፈው ጀመር። እያጣጠፈችም ወለተ ሚካኤል ጫፉን ይዛ እየጎተተች ትጫወትበት እንደነበር ነገረችን። ስሟን ጠራችው። እኔ ሁሉንም ሰማሁ፤ አንድም አላመለጠኝም።

«ክንዱ» አሉ የኔታ ከግድግዳው ሥር። «ወረቀት ይዘሃል። ስትገባ ኪስህ ተንኮሻኮሸ። አንብብልን።» «ነገ አነበዋለሁ የኔታ፤ ዛሬ ደክሞኛል» አልኳቸው። «ዋናው ነገር ማለፌ ነው።» «ዋናውን አልጠየቅኩህም» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጅ ሳለሁ መዝሙሩን ከራሱ ጀምር ሲሉኝ የነበረው ድምፅ ነው። አበቡ «አንብብልን እስቲ፣ እኔም ልስማው» አለች፤ ፈገግ ብላለች። እንዲህ ፈገግ ስትል ካየኋት ስንት ዘመኔ።

ደብዳቤውን አወጣሁ። ከላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፣ ቀኑን አነበብኩ፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩ። እንግሊዝኛውን አንድ ቃል እላለሁ፣ አማርኛውን አስከትላለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ትንፋሼን ይቆጥራሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ የሳንጃ ስም አለ። እዚያ ስደርስ ድምፄ ቆመ። አበቡ ማጣጠፏን ተወች። አጎበሩ ግማሹ ታጥፎ፣ ግማሹ እንደተዘረጋ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

«ቀጥል» አሉኝ የኔታ።

ቀጠልኩ።